የሁለተኛው ታዛቢ ለቅሶ

ጫማዋ የግራ እግር ነበረች። ሮዝ፣ ላስቲክ፣ ገና መራመድ ለጀመረች ልጅ የምትሆን። በደብረ ብርሃን፣ በዘጠነኛው ግንብ መግቢያ፣ በአሳንሰሩ በር መንሸራተቻ ውስጥ ከተሰነቀረች ሰነባብታለች። በሩ ሊዘጋ ይመጣል፣ ጫማዋን ይነካል፣ እንደተቀየመ ሰው ተመልሶ ይከፈታል። ከዚህ ሌላ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ሞተሩ ደህና ነው፣ ገመዱ ደህና ነው፣ መብራቱም ሌት ተቀን ይበራል።

ነዋሪዎቹ ተላምደዋታል። ጠዋት ሲወጡ አይተዋት ያልፋሉ፣ ማታ ሲገቡ አይተዋት ወደ ደረጃው ይታጠፋሉ። አንዳንዱማ "እንደምን አደርሽ" ይላታል። የሚያወጣት ግን የለም፤ የሰባተኛውን ግንብ ታሪክ የማያውቅ ሰው ስለሌለ። እዚያ አንድ ሰውዬ ከበሩ ሥር የጠርሙስ ክዳን በገዛ እጁ አነሳ። አሳንሰሩ "ያልተፈቀደ እጅ" አለና ራሱን ቆለፈ። ክረምት ገብቶ ክረምት ወጣ፣ የሰባተኛው ግንብ ሰዎች ግን አሁንም በእግራቸው ነበሩ። ሰውየው በመጨረሻ ቤት ቀየረ። ጎረቤት ሰላምታ ነስቶት አላስቀምጥ አለው።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያነሳ ቡድን አለ። የእንቅፋት ማንሻ ቡድን ይባላል። ድሮ ሥራውን አንድ ዘበኛ ይሠራው ነበር ይባላል፤ ያውም የያዘውን ሻይ ሳያስቀምጥ። አንድ ቀን ዘበኛው ቆሻሻ መስሎት የሰው ቁልፍ ጣለ፤ አረጋጋጭ ተጨመረበት። አረጋጋጩ አንድ ቀን ሲያዛጋ ተገኘ፤ ታዛቢ ተጨመረበት። ታዛቢውም በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ተያዘና ሁለተኛ ታዛቢ ተጨመረ። ስህተት በተሠራ ቁጥር ሰው ይጨመራል፤ የተጨመረ ሰው ግን ተቀንሶ አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ አንድ ጊዜ "ይህ ነገር በዛ" ብሎ የማቅለያ ቡድን አቋቁሞ ነበር። የማቅለያው ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና ከርሞ አንድ ሰው ቀነሰ። መቀነሱን የሚያረጋግጡ ሦስት ሰዎች ተቀጠሩ።

በሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመችው አስካለ ናት። የሥራ መደቧ "ጎታች" ይባላል። ከእሷ በፊት ያሉት ሁሉ "ይጎተት" ሲሉ እሷ ትጎትታለች። ከተቀጠረች ጀምሮ ግን ሁሉም እሺ ያሉበት ቀን መጥቶ ስለማያውቅ አንድም ነገር ጎትታ አታውቅም። እጆቿን በየጠዋቱ ቅባት ትቀባለች። መመሪያው ስለሚል ነው።

ይትባረክ ሁለተኛ ታዛቢ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አረጋጋጩ ጫማዋን ያያል። አንደኛው ታዛቢ፣ አረጋጋጩ ማየቱን ያያል። ይትባረክ ደግሞ አንደኛው ታዛቢ ማየቱን ያያል። ከዚያ ጆሮው ላይ ባለው ማዳመጫ ለምትሰማው አስተባባሪ "ታይቷል" ይላታል፤ እሷም "እናመሰግናለን" ትለዋለች። ደመወዙ ደህና ነው። ልብሱ አያድፍም። ጓደኞቹ "ምን ትሠራለህ?" ሲሉት "በአሳንሰር በኩል ነኝ" ይልና ወሬ ይቀይራል።

ችግሩ የመጣው ሰሎሜን የወደዳት ጊዜ ነው። ሰሎሜ የምትኖረው እዚሁ ዘጠነኛው ግንብ፣ ሠላሳ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ ከእናትና ከአባቷ ጋር ነው። እሷም ወደደችው። አባቷ አቶ ክንፈ ግን የቀድሞ ሰው ናቸው። "ሽማግሌ ደጄ ላይ ቆሞ ካላየሁ ልጄን አልሰጥም" ብለዋል። በስልክ ቢሉ፣ በቪዲዮ ቢሉ፣ አይሆንም። በእግሩ የሚቆም ሽማግሌ ነው የሚፈልጉት።

ይትባረክ ሽማግሌዎች አላጣም። ሦስት አግኝቷል። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ወዳጃቸው ሐጂ ኑርሁሴን፣ ደግሞ በተቀመጡበት የሚያንቀላፉት ጋሽ ድንበሩ። የሦስቱ ዕድሜ ቢደመር ከከተማዋ አስፋልት ይበልጣል። ባለፈው ሳምንት ደረጃውን ሞክረውት ነበር። አራተኛው ፎቅ ላይ ሐጂ ኑርሁሴን ግድግዳውን ተደግፈው "ልጅቷ ቆንጆ ናት?" አሉ። ይትባረክ "በጣም" አለ። "እንግዲያው አላህ ያገናኛችሁ" አሉና ወደ ታች መውረድ ጀመሩ።

የቀረው እንግዲህ አሳንሰሩ ነው። የጫማዋ ጉዳይ ለእነ ይትባረክ ቡድን ከተመራ ቆይቷል። ከእሱ በፊት ያሉት ሁሉ አይተዋል፣ እሺም ብለዋል። ይህ ሆኖ አያውቅም። ሲደርሰው አስተባባሪዋ በዚያ በለዘበ ድምፅዋ ጠየቀችው።

"ይትባረክ፣ በዚህ አሳንሰር ሥራ መጀመር የግል ጥቅም አለዎት?"

መዋሸት አልለመደም። "አለኝ" አለ።

"ምን ዓይነት ጥቅም?"

"ማግባት።"

"እናመሰግናለን። ጥቅም ያለው ታዛቢ አይታዘብም። ምትክ ይመደባል። ምትክ መዳቢው ጉባኤ ከፋሲካ በኋላ ይሰበሰባል።"

"እስከዚያማ ሁዳዴ ይገባል። በጾም ሠርግ የለም።"

"እናመሰግናለን" አለችው አስተባባሪዋ።

እንዲህ ሆኖ ጫማዋ በሩ ላይ ቀረች፤ የያዛትም ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ይትባረክ ሆነ።

ዓርብ ከሰዓት ሰሎሜ ደወለች።

"የሃያ ዘጠነኛው ፎቅ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው" አለችው። "ለእሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።"

"እሱ ደግሞ ከየት መጣ?"

"ከሃያ ዘጠነኛው። እነሱ ምን ይቸገራሉ፤ ሁለት ፎቅ መውጣት ነው።"

"አንቺ እምቢ በያ።"

"እኔማ እላለሁ። አባዬ ግን ቀድሞ የመጣን ሽማግሌ ቁጭ በሉ ካለ አለቀ። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሊያኮርፈኝ ነው። አንተ ሽማግሌ ማምጣት አቅቶህ እኔ ኩርፊያ ልሸከም?"

"ነገ ይመጣሉ።"

"በምን?"

 "ይመጣሉ ብዬሻለሁ" አለና ዘጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ እስከ ግንቡ በር ድረስ ወርዶ ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከአሳንሰሩ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። በሩ ይመጣል፣ ጫማዋን ይነካል፣ ይመለሳል። ጋሽ ልሳነወርቅ ይህን እያዩ ከቆዩ በኋላ ምርኩዛቸውን ወደ ጫማዋ ዘረጉ። ይትባረክ ዘሎ ያዛቸው።

"አይንኩብኝ ጋሼ። ይቆልፈዋል።"

"በቃ ይቺው ናት?"

"ይቺው ናት።"

"እኔ የተሰነቀረው አንዳች ትልቅ ብረት መስሎኝ። ይቺንማ ድመት ታወጣታለች።"

"ድመቷም ካልተፈቀደላት ይቆልፋል።"

ሐጂ ኑርሁሴን ሳቁ። "ታዲያ እዚህ የጠራኸን ጫማ ልታስጎበኘን ነው?"

"ሐጂ፣ ልጆች ጠርቼ ተሸክመን ብናወጣችሁስ?"

"እኔ ሰው የሚሸከመኝ ቀን ገና ነው" አሉ ሐጂ። "ደግሞ ያን ቀን የምሄደው ወደ ታች ነው።"

ጋሽ ድንበሩ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ ሳቁ። ይትባረክ ግን አልሳቀም። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አጠገባቸው ተቀመጠ። ነገ እሑድ ነው። የሃያ ዘጠነኛው ፎቅ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እያሳጠቡ እንደሆነ ታየው።

"እስቲ ንገረኝ" አሉ ሐጂ፣ ወሬ ለመቀየር ያህል። "ከመሥሪያ ቤታችሁ ሰው ሲሞትስ እንዴት ታደርጋላችሁ? እሱም ከፋሲካ በኋላ ነው?"

"ኧረ ሐጂ፣ ለቅሶ ሌላ ነው።"

"እንዴት ሌላ ነው?"

"ለቅሶ ላይ ምንም የለም። አረጋጋጭ የለም፣ ታዛቢ የለም። ድንኳን ከተተከለ፣ ሽማግሌ ከተቀመጠ፣ ንፍሮ ከቀረበ፣ የሟቹ ሥራ በአቅራቢያው ላለው ሰው ወዲያው ያልፋል።"

"ወዲያው?"

"ወዲያው።"

"ማን እንደሞተስ አይጠየቅም?"

"ማን ይጠይቃል? ለቅሶ ቤት ገብቶ 'ማን ሞተባችሁ?' ይባላል እንዴ?"

እውነቱን ነው። ሁሉን ነገር በደረጃ በደረጃ የሸነሸኑት ደንብ አውጪዎች፣ ለቅሶ ላይ ሲደርሱ አፍረው አልፈውታል ይባላል። ሐዘንተኛን ጥያቄ መጠየቅ ለማንም አልዋጥ አለ። ስለዚህ በዚያ ሁሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ድሮ እንደነበረ የቀረው ነገር እሱ ብቻ ነው።

ጋሽ ልሳነወርቅ ጫማዋን አዩ። ከዚያ ይትባረክን አዩ። ዳኛ ናቸውና ሲያዩ ሰው ይጨንቀዋል።

"ልጄ፣ አንተ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ ጋሼ።"

"ሥራህስ ደህና ነው?"

"እንዴት ማለት?"

"ሲያዩት ሕይወት ያለው አይመስልም ብዬ ነው።"

ሐጂ ኑርሁሴን ቀድመው ገባቸው፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይትባረክ ትንሽ ቆይቶ ገባው።

"ጋሼ፣ ሥራዬ ከሞተ ምን እበላለሁ?"

"ሥራህ ካልሞተ ማንን ታገባለህ?"

ይትባረክ አንድ ነገር ለማስታወስ ሞከረ። እሱ "ታይቷል" በማለቱ ከቦታው የተንቀሳቀሰ አንድ ነገር፤ ትንሽም ብትሆን፣ የጠርሙስ ክዳንም ብትሆን። አጣ። በሩ መጣ፣ ጫማዋን ነካ፣ ተመለሰ።

"ድንኳኑን ከየት እናገኛለን?" አለ።

ጋሽ ልሳነወርቅ ስልካቸውን አውጥተው አንድ ሰው ጋ ደወሉ። "ድንኳን፣ ዘጠነኛው ግንብ በር" አሉና ዘጉት። የማን ነው አልተባሉም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ይትባረክ ቆሞ አየው፤ ማየት ሥራው ነውና። አንዱ ቋሚ ይዞ መጣ። ሌላው ሸራውን ተሸክሞ ደረሰ። ገመድ የያዘው ሰውዬ ቋሚው ሳይቆም አጠገቡ ተገኘ። አግዳሚዎች ከየቤቱ ወጡ። አንዲት ሴትዮ ብረት ድስት ጥዳ ስንዴና ሽምብራ ትለቅም ጀመር። አለቃ የለም፣ "ታይቷል" የሚል የለም፣ ጆሮው ላይ ድምፅ ያለበት ሰው የለም። አንዱ ቋሚ ሲያዘም የቀረበው ሰው ያዘው፣ በቃ። ጉሙ ገና ሳይነሳ ድንኳኑ ቆመ።

ይትባረክ ጆሮውን ነካ አደረገ።

"ድንኳን ይታየኛል" አለች አስተባባሪዋ። "ሽማግሌዎች ይታዩኛል። ንፍሮ አልቀረበም።"

"ሊበስል ነው።"

ጠበቁ። ንፍሮው በሰፌድ ወጣ።

"ንፍሮ ቀርቧል" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝግ አለ። "እግዚአብሔር ያጥናችሁ። የማን ሥራ ይተላለፍ?"

"የሁለተኛው ታዛቢ፣ የዘጠነኛው ግንብ።"

"በአቅራቢያው ወዳለ ሰው ይተላለፋል።"

የምታነጋግረው ሁለተኛው ታዛቢ ራሱ መሆኑን አላስተዋለችም። ወይም አስተውላ አፍራለች።

ወሬው ቡድኑ ዘንድ ሲደርስ ሁሉም መጡ። የቡድኑ መሪ ወይዘሮ እልፍነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከፊት ገባች። አረጋጋጩና አንደኛው ታዛቢ ተከተሏት። ድንኳኑ ውስጥ የሟች ፎቶግራፍ የሚሰቀልበትን ቦታ ሁሉም በዓይናቸው ፈለጉ፤ ባዶ ሸራ አዩ፤ ማንም ምንም አላለም። ወይዘሮ እልፍነሽ ይትባረክ አጠገብ ተቀመጠች።

"እግዚአብሔር ያጥናህ ወንድሜ።"

"አሜን።"

"በድንገት ነው?"

ይትባረክ አሰበ። "አይደለም። ቆይቷል።"

"ታሞ ነበር?"

"ከተወለደ ጀምሮ ጤነኛ አልነበረም።"

"ምስኪን። ልጅ ትቷል?"

ሐጂ ኑርሁሴን ከወዲያ ማዶ መለሱ። "አልሐምዱሊላህ፣ ሳይወልድ ነው የሄደው። ትንሽ ቢቆይማ ሦስት አራት ያደርስ ነበር።"

ወይዘሮ እልፍነሽ ሐጂን አየቻቸው። ከዚያ ይትባረክን አየች። ከዚያ ከድንኳኑ ውጭ ያለውን አሳንሰር አየች። የገባት ነገር እንዳለ ፊቷ ላይ ታየ። ግን ለቅሶ ቤት ነውና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች።

አስካለ ዘግይታ ደረሰች። ድንኳኑ ሞልቶ ስለነበር ውጭ፣ አሳንሰሩ በር አጠገብ ቆመች። ከቡድኑ ለአሳንሰሩ የቀረበችው እሷ ሆነች። የአስተባባሪዋ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ሲመጣ ክው አለች።

"አስካለ፣ የሁለተኛው ታዛቢ ሥራ በእርስዎ እጅ ነው። ታይቷል?"

አስካለ አንደኛውን ታዛቢ በዓይኗ ፈለገችው። አፉ ንፍሮ ሞልቶት ራሱን ነቀነቀላት።

"ታይቷል" አለች በቀስታ።

"እናመሰግናለን። ይጎተት።"

አስካለ እጆቿን አየች። ስንት ዓመት የተቀቡ እጆች ናቸው። ወደ ድንኳኑ ዘወር አለችና "ልጎትት?" አለች።

ለቅሶኛው ሁሉ ወሬውን አቆመ። "ጎትቺ እንጂ ልጄ" አሉ ጋሽ ድንበሩ፤ ያን ቀን የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

ጎንበስ ብላ በሁለት ጣቷ ያዘቻት። ጫማዋ እንደ ወተት ጥርስ ውልቅ አለች። በሩ መጣ፤ የሚነካው ነገር አጣ፤ ተዘጋ። ከዚያ መልሶ ተከፈተና "ወዴት?" እንደሚል ሰው መብራቱን አብርቶ ጠበቀ። አስካለ ጫማዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እሷን አይተው ሁለት ሴቶች አለቀሱ። አንደኛው ታዛቢም አለቀሰ። ለቅሶው እውነተኛ ለቅሶ የሆነው ያኔ ነው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተነሱ። ጋሽ ልሳነወርቅ "ላይ ቤት የምንደርሰው ሰው አለ" አሉ። ገቡ። በሩ ተዘጋባቸው። ቁጥሩ ሲወጣ ይትባረክ ከታች ሆኖ ቆጠረ፤ አራት አለፈ፣ እሱም እፎይ አለ።

የረሳው አንድ ነገር ነበር። አቶ ክንፈም የዚሁ ዕድር አባል ናቸው።

ጠዋት መስኮታቸውን ሲከፍቱ ከጉሙ መሐል የድንኳን ጫፍ ታያቸው። የዕድር ሰው ለቅሶ አይቀርም፤ የቀረ እንደሆነ የእሱን ለቅሶ የሚደርስለት የለም። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ሠላሳ አንዱን ፎቅ በእግራቸው ይወርዱ ጀመር። እሳቸው በደረጃው ሲወርዱ ሽማግሌዎቹ በአሳንሰሩ ወጡ። በመሐከላቸው የነበረው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

አቶ ክንፈ ድንኳኑ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይትባረክ በፎቶግራፍ ብቻ ያውቃቸዋል። እሳቸው እሱን ጨርሶ አያውቁትም። ሐዘንተኛ ማን እንደሆነ ሲፈልጉ ሰው ሁሉ ወደ ይትባረክ አየ፤ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

"እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ።"

"አሜን" አለ ይትባረክ። 

አቶ ክንፈ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሰው ሲያለቅስ ማልቀስ የሚቀናቸው ሰው ናቸው። ትንሽ ቆይተው፣ ሐዘን በወሬ ይረሳል ብለው ይመስላል፣ ስለ ራሳቸው ጀመሩ።

"እኔም በአሳንሰር ነበር የምሠራው፣ ጡረታ እስክወጣ። ደንብ አውጪ ነበርኩ። እዚህ ያሉት ልጆች ይወቁት አይወቁት እንጃ፣ ሁለተኛ ታዛቢ የሚባለውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

ይትባረክ የያዘው ንፍሮ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ወይዘሮ እልፍነሽ ጀርባውን መታችለት።

"አይዞህ" አሉት አቶ ክንፈ። "ሐዘን እንዲህ ያንቃል።"

ሽማግሌዎቹ እላይ ደጅ ቆመዋል። የሚቆሙላቸው ሰው እዚህ ንፍሮ እየቆረጠሙ ነው። ይትባረክ ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለም።

"አባባ፣ ቤትዎ እንግዳ መጥቷል።"

"የኔ ቤት? በምን ወጥተው?"

"በአሳንሰሩ። ተሠርቷል።"

"ከመቼ ወዲህ? ማን ታዘበው?"

"ይምጡ፣ ላድርስዎ።"

ሐዘንተኛው ድንኳኑን ጥሎ ሲወጣ ማንም ለምን አላለም። አስካለ በሩ ላይ ጫማዋን ይትባረክ እጅ ላይ አደረገችለት፤ ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገብቷት ነበር። ኪሱ ውስጥ ከተታት። በአሳንሰሩ ሲወጡ አቶ ክንፈ አንድ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል እንዳደረጉ ነበር። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርሱ ይትባረክ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌ የላከ ሰው ሽማግሌ ባለበት አይገባም።

"ግባ እንጂ" አሉ አቶ ክንፈ። "ሐዘንተኛ ኮሪደር ላይ አይተውም።" እጁን ይዘው አስገቡት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎኑ መሐል ቆመዋል። የሰሎሜ እናት እንዲቀመጡ ለምነዋቸው እምቢ ብለዋል፤ የቤቱ አባወራ ጉዳዩን ሰምቶ "ቁጭ በሉ" ሳይል ሽማግሌ አይቀመጥም። ሰሎሜ በጓዳው በር በኩል ብቅ ብላ፣ ይትባረክን ከአባቷ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ስታየው አፏን በመዳፏ ያዘች።

"ቤት ለእንግዳ" አሉ አቶ ክንፈ። "ምን እግር ጣላችሁ?"

ጋሽ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አቶ ክንፈ፣ ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል።"

"ልጃችሁ ማን ይባላል?"

"ይትባረክ ይባላል።"

"ምግባሩስ?"

"አይዋሽም" አሉ ሐጂ። "አንዳንዴማ ቢዋሽ ይሻለው ነበር።"

"ሥራውስ?"

ይትባረክ የፈራው ይህቺን ነበር። ወለሉን አየ። ጋሽ ልሳነወርቅ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ሥራው ዛሬ ሞተ።"

"ምን አሉ?"

"ሁለተኛ ታዛቢ ነበር። ዛሬ ሞተ። እርስዎም ከለቅሶው መምጣትዎ ነው።"

 አቶ ክንፈ አሁንም ክንዱን የያዙትን ልጅ ዞረው አዩት። ከዚያ የራሳቸውን ጉልበት አዩ፤ ገና አልረጋም።

"እኔ ያን ሁሉ ደረጃ ወርጄ ያለቀስኩት ለሥራ ነው?"

"አለቀሱ" አሉ የድሮ ሥራቸውን ከዕድሩ የሚያውቁት ጋሽ ልሳነወርቅ። "ምሥጋና ይገባዎታል። የወለደው ሳያለቅስለት ቢቀበር ነውር ነበር።"

አቶ ክንፈ መሐረባቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ እርጥብ ነው። አላለቀስኩም ሊሉ አልቻሉም። ያለቀሱለትን ነገር ደግሞ ከሞት ይነሳ ማለት በየትኛውም ዘመን አልታየም። ክንዱን ለቀቁት።

"እንግዲህ ሥራ የለህም።"

"የለኝም" አለ ይትባረክ።

"ከሰኞ ጀምሮ ምን ልትሠራ ነው?"

ይትባረክ እጁን ኪሱ ከተተ። ጫማዋን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት፤ ትንሽ፣ ሮዝ፣ የግራ እግር።

"እንዲህ ያለ ነገር በር ላይ ካየሁ" አለ፣ "አወጣዋለሁ።"

አቶ ክንፈ ጫማዋን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። የአፋቸው ጫፍ መጀመሪያ ወደ ቁጣ ሄደ፣ ከዚያ መንገድ ቀየረ። ከጓዳው በር በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

"ቁጭ በሉ" አሉ ሽማግሌዎቹን።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጋሽ ድንበሩ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹና ይትባረክ በአሳንሰሩ ሲወርዱ ድንኳኑ እንደቆመ ነበር። ለቅሶኛው አልተበተነም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ከሌሎቹ ግንቦች የማያውቋቸው ሰዎች መጥተው፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ፣ አንገታቸውን ደፍተው ንፍሮ ይዘግናሉ። ጎንበስ ሲሉ ግን አንዳንዱ በዓይኑ የአሳንሰሩን በር ይሰርቃል፤ ሲከፈትና ሲዘጋ ያያል።

ወይዘሮ እልፍነሽ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ጋሽ ልሳነወርቅን ከድንኳኑ ጀርባ ጠበቀቻቸው።

"ጋሼ፣ ድንኳኑ ለነገ ተይዟል?"

"አልተያዘም። ምነው፣ ሰው ታሞባችሁ ነው?"

ወይዘሮ እልፍነሽ ወደ ድንኳኑ ውስጥ አየት አደረገች። አንደኛው ታዛቢ ሁለተኛ ሰሐን ንፍሮ ተቀብሎ ከአስካለ ጋር እየተሳሳቀ ነበር።

"አንደኛው ታዛቢ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የሚያድር አይመስለኝም።"